ሾትገን ወይስ ካርባይን? የአንድ ከተማ ፖሊስ የጠመንጃ ምርጫ እንዴት ይመዘናል

በአሜሪካ የፖሊስ መምሪያዎች መሣሪያቸውን ለማደስ በተነሡ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ለብዙ አሥርት ዓመታት በፓትሮል መኪና ውስጥ ተቆልፎ ሲዞር የኖረው ሾትገን ይቆይ ወይስ ቦታውን ሙሉ በሙሉ ካርባይን ለሚባለው አጭር ጠመንጃ ይልቀቅ? ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጥያቄው በሥራቸው ወይም በነዋሪነት ድርሻቸው ለሚገጥማቸው አማርኛ አንባቢዎች ነው፤ ይኸውም በፖሊስነት ለሚያገለግሉ፣ በከተማ ምክር ቤት ወይም ፖሊስን በሚቆጣጠር የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ለተቀመጡ፣ እንዲሁም የፖሊስ መሣሪያ ዝርዝር ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ተነሥተው አስተያየት መስጠት ለሚፈልጉ። ፖሊስን ከነክላሹ እያየ ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው ሾትገን የአዳኝ መሣሪያ መስሎ ሊታየው ይችላል። በአሜሪካ ግን ከሽጉጥ ቀጥሎ የፖሊስ ዋና መሣሪያ ሆኖ የኖረው እሱ ሲሆን፣ ካርባይን ወደ ተራው ፓትሮል መኪና በስፋት የገባው ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ባስቀምጥ አንባቢው ማስረጃውን እየመዘነ ለመሄድ ይመቸዋል። ለሁሉም አባል የሚታደል ረጅም መሣሪያ፣ ማለትም ከሽጉጥ የሚበልጥና በትከሻ ተደግፎ የሚተኮስ፣ አንድ ብቻ ይሁን ከተባለ ካርባይን ይመረጣል። ለሾትገን ደግሞ ጥቂት ተለይተው የታወቁ ሥራዎች ቀርተውለታል፤ በእነዚያም ላይ እሱን የሚተካ ብዙ የለም። ጉዳት የሚመጣው መምሪያው ሾትገኑን በልማድ ብቻ ከመኪናው ሳያወጣ ሥልጠናውን ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ከሁለቱ መሣሪያዎች ይበልጥ ልምምድ የሚፈልገው ሾትገን ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ቦታ ያነሰ ልምምድ የሚደረግበትም እሱ መሆኑ የክርክሩ ዋና ነጥብ ነው።

መሣሪያዎቹን መለየት

ፖሊስ የሚይዘው ሾትገን በአብዛኛው ባለ 12 ጌጅ ሲሆን የበርሜሉ ቀዳዳ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በጣም የታወቁት ሬሚንግተን 870 እና ሞስበርግ 590 ናቸው። ሁለቱም ፓምፕ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ተኳሹ ከበርሜሉ ሥር ያለውን መያዣ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት ሲመልሰው ባዶው ቀለህ ይወጣና አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ አንድ በአንድ ስለሚገቡ መሣሪያው ከ4 እስከ 7፣ አንዳንዴም ከዚያ ጥቂት በላይ ጥይት ብቻ ይይዛል። ድርብ ዜሮ የሚባለው በክሾት፣ ማለትም የፖሊስ የተለመደ ጥይት፣ እያንዳንዳቸው ወደ 8.4 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ 8 ወይም 9 የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ስለግ የሚባለው ደግሞ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ወፍራም እርሳስ ነው። በዚያው በርሜል የጨርቅ ከረጢት፣ የበር ቁልፍ የሚሰብር ጥይትና ሌላም ሌላም ይተኮሳል፤ የሾትገን ጥቅምም አደጋም ከዚህ ከብዙ ዓይነትነቱ ይመነጫል።

ካርባይን ስል የኤአር-15 ቤተሰብ የሆነውንና 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰውን አጭር ጠመንጃ ማለቴ ነው። እርሳሱ ከ3.5 እስከ 5 ግራም ብቻ ቢመዝንም ከ16 ኢንች በርሜል ሲወጣ በሰከንድ ከ800 እስከ 900 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የበክሾት ፍሬ ፍጥነት ግን በሰከንድ ወደ 400 ሜትር ቢደርስ ነው። ካዝናው ብዙውን ጊዜ 30 ጥይት ይይዛል፣ ሰደፉ እንደ ተኳሹ አካል ይረዝማል ያጥራል፣ ማነጣጠሪያ መነጽርና መብራትም በቀላሉ ይገጠምለታል። ፖሊስ ለፓትሮል የሚገዛው ካርባይን በአብዛኛው ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ስለሆነ፣ በውይይት ላይ በተከታታይ ከሚተኩሰው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ጋር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ካርባይንን ያስገቡት አጋጣሚዎች

ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው ለውጡ በሻጮች ግፊት ብቻ የመጣ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ኖርኮ ከተማ ባንክ የዘረፉ ሰዎች በጠመንጃ እየተኮሱ ሲሸሹ፣ ያሳደዷቸው የካውንቲ ፖሊሶች የያዙት በአብዛኛው ሪቮልቨርና ሾትገን ስለነበር ርቀቱን ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የሪቨርሳይድ ካውንቲ ሸሪፍ ለአባላቱ ሩገር ሚኒ-14 ጠመንጃ አስታጠቀ። የካቲት 28 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሎስ አንጀለስ ኖርዝ ሆሊዉድ ሁለት ሰዎች ጥይት መከላከያ ለብሰው፣ በተከታታይ የሚተኩስ ጠመንጃ ይዘው ባንክ ዘረፉ። ፓትሮል ላይ የነበሩት ፖሊሶች የነበራቸው ሽጉጥና ሾትገን ስለሆነ ተኩሱ 44 ደቂቃ ያህል ዘለቀ፤ በመካከሉም ፖሊሶች በአቅራቢያው ከነበረ የመሣሪያ መደብር ጠመንጃ እስከ መዋስ ደረሱ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከዚያ በኋላ ከመከላከያ ሚኒስቴር 600 ትርፍ ኤም-16 ጠመንጃዎችን ተቀበለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ኮለምባይን ትምህርት ቤት የደረሰው ጭፍጨፋም አሠራሩን ለወጠው፤ እስከዚያ ድረስ ፓትሮል ፖሊስ ቦታውን ከብቦ ልዩ ኃይል እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን መጀመሪያ የደረሰው አባል ራሱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይሠለጥናል። ሰው በሞላበት ሕንፃ ረጅም ኮሪደር ላይ አንድን ሰው ብቻ ለይቶ መምታት ሲያስፈልግ ደግሞ ዘጠኝ ፍሬ የሚበትን ጥይት የማይመች መሆኑ ግልጽ ነው።

ለሾትገን የሚሟገቱ ሰዎች በበኩላቸው ሚያዝያ 11 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. በማያሚ የተካሄደውን የኤፍቢአይ ተኩስ ይጠቅሳሉ። በዚያ ቀን ሁለት ወኪሎች ተገድለው ሌሎች በቆሰሉበት ጊዜ፣ አንድ ክንዱ በጥይት የተሰባበረበት ኤድመንዶ ሚሬለስ ሬሚንግተን 870ውን በአንድ እጁ እያጎረሰ አምስት ጊዜ ተኩሷል። የሰውየው ጽናት የሚደነቅ ነው፤ ስለ መሣሪያው የሚነግረን ግን ሌላ ነው። አምስቱ ጥይት ሲያልቅ ውጊያው አላለቀም ነበር፤ የጨረሰውም በሪቮልቨር ነው። በዚያው ውጊያ በወኪሎቹ ላይ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው የተጠርጣሪው ሚኒ-14፣ ማለትም ከዛሬው ካርባይን ጋር ተቀራራቢ የሆነ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር።

መዝገቡን ማንበብ

ምዘናው መጀመር ያለበት ከመምሪያው መዝገብ ነው። ባለፉት 5 ወይም 10 ዓመታት አባላት ረጅም መሣሪያ ከመኪናቸው ያወጡበትን እያንዳንዱን አጋጣሚ ሰብስቦ፣ ርቀቱ ምን ያህል እንደ ነበር፣ ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ እንደ ሆነ፣ ከተጠርጣሪው በስተጀርባ ምን እንደ ነበረ፣ መሣሪያው ተተኩሶ እንደ ሆነና ከተተኮሰው ስንቱ ዒላማውን እንደ መታ መመዝገብ ያስፈልጋል። እንስሳን ከሥቃይ ለማሳረፍ የተተኮሰውም ለብቻው ይቆጠር። በገጠር ካውንቲ የሚገኝ መምሪያና ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበበት ከተማ የሚሠራ መምሪያ ከዚህ መዝገብ የሚያወጡት ሥዕል እጅግ ይለያያል፤ የአንዱን ውሳኔ ለሌላው መገልበጥም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ከመዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው መሣሪያው ወጥቶ ሳይተኮስ የሚመለስበት ጊዜ ከሚተኮስበት በእጅጉ እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ መሣሪያው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንደሚወጣና ተመልሶ እንደሚራገፍ ከተኩስ ኃይሉ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። የአብዛኞቹ ፓምፕ ሾትገኖች መቆለፊያ ቃታውን ብቻ የሚይዝ እንጂ መርፌውን የሚያግድ ስላልሆነ፣ ጥይት ጎርሶ በመኪና ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሾትገን ወድቆ ወይም ተመትቶ ሊተኩስ ይችላል። መደበኛው አቀማመጥ ቱቦው ተሞልቶ የበርሜሉ ጉሮሮ ባዶ የሆነበት ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገርም አለ፦ የሾትገን ጥይት ቀለህ ፕላስቲክ ስለሆነ ወራት ሙሉ በተሞላው ቱቦ ውስጥ ታፍኖ ሲቆይ ቅርጹ ይበላሻል፣ በችግር ጊዜም ይነክሳል፣ ማለትም መሣሪያው ውስጥ ይቀረቀራል። ጥይቶቹ በየጊዜው ወጥተው በአዲስ የሚተኩበት የጽሑፍ ሰሌዳ ከሌለ፣ በዚያ መምሪያ ያለው ሾትገን ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ብትኑን በራስ ጥይት መለካት

ስለ ሾትገን በሰፊው ከሚወሩት የተሳሳቱ አባባሎች መካከል ማነጣጠር አያስፈልገውም የሚለው ቀዳሚ ነው። ክፍል ውስጥ በሚኖረው ርቀት፣ ማለትም በ5 ወይም በ6 ሜትር፣ የበክሾት ፍሬዎች ገና አልተለያዩምና ከመዳፍ የማይሰፋ ቦታ ይመታሉ፤ እዚያ ላይ የሳተ ሰው ሙሉ በሙሉ ይስታል። ርቀቱ ሲጨምር ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። የቆየው የአሠልጣኞች ልማዳዊ ስሌት በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ብትኑ፣ ማለትም ፍሬዎቹ የሚያርፉበት ስፋት፣ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል የሚል ነው። በዚህ ስሌት በ20 ሜትር ላይ ብትኑ 60 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው ትከሻ ስፋት በላይ ስለሆነ ዒላማው መሃል ላይ ቢያዝ እንኳ አንዳንድ ፍሬዎች አልፈው ይሄዳሉ። ያለፈው እያንዳንዱ ፍሬ እንደ አንድ የሽጉጥ ጥይት ተቆጥሮ መምሪያው የሚጠየቅበት ነው።

ዛሬ ፌደራል የተባለውን የጥይት ኩባንያ የመሰሉ አምራቾች ፍሬዎቹን ለተወሰነ ርቀት አቅፎ የሚይዝ የፕላስቲክ ጽዋ ያለበት በክሾት ያቀርባሉ፤ በእሱ ብትኑ በዚያው ርቀት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሁለት ሾትገኖች እንኳ በአንድ ጥይት የተለያየ ብትን ስለሚያሳዩ በካታሎግ ላይ መተማመን አይበቃም። መምሪያው ለሥራ የመረጠውን ጥይት፣ በእያንዳንዱ አገልግሎት ላይ ባለ ሾትገን፣ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ25 ሜትር ሰፊ ወረቀት ላይ ተኩሶ፣ ብትኑን በሴንቲ ሜትር ለክቶ፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ማስቀመጥ አለበት። ሁሉም ፍሬ በ25 ሴንቲ ሜትር ክበብ ውስጥ የሚቀመጥበት የመጨረሻው ርቀት የዚያ መሣሪያ የበክሾት ወሰን ይባላል፤ ከዚያ በላይ በበክሾት መተኮስ በጽሑፍ ይከለከላል። 25 ሴንቲ ሜትር የሚለው የእኔ ምርጫ ነው፤ ሌላ ቁጥር የሚመርጥ መምሪያ ምክንያቱን ይጻፍ እንጂ ያለ ቁጥር መተው አይገባውም።

ከወሰኑ በላይ ላለው ርቀት መልሱ ስለግ ነው የሚሉ አሉ፤ በእርግጥም ስለግ በጥሩ ማነጣጠሪያ እስከ 75 ሜትርና ከዚያም በላይ በትክክል ይመታል። ችግሩ በክሾት የጎረሰ ሾትገን የያዘ አባል ሁኔታው ሲለወጥ በድንጋጤ መካከል ስለግ ፈልጎ፣ አስገብቶ፣ አጉርሶ መተኮስ ያለበት መሆኑ ነው። ካርባይን የያዘ አባል ግን በ3 ሜትርም በ100 ሜትርም ያው ጥይት፣ ያው ማነጣጠሪያ፣ ያው ቃታ ነው። በእኔ ግምት ካርባይን ሾትገንን ያሸነፈው በኃይሉ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ተኳሹ የሚወስናቸውን ውሳኔዎች ቁጥር ቀንሶለታል።

ካርባይንም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በጣም ቅርብ ርቀት ላይ ጥይቱ ከታለመው ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ይህን ያልተለማመደ ሰው በመኪና ኮፈን ወይም በመስኮት ጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲተኩስ መከለያውን ራሱን ይመታል። በፈረቃ የሚቀያየሩ አባላት አንድ ካርባይን ሲጋሩም የአንዱ ማነጣጠሪያ ለሌላው ላይስማማ ይችላል፤ አቅም ካለ ለእያንዳንዱ አባል የራሱ ቢሰጠው ይመረጣል።

ግድግዳ፣ ጥይት መከላከያና ከዒላማው ባሻገር ያለው

በሕዝብ ውይይት ላይ ካርባይንን የሚቃወሙ ሰዎች የጦር ጥይት ግድግዳ በስቶ ጎረቤት ይገድላል ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም በአሜሪካ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ፣ ማለትም በጂፕሰም ሰሌዳ፣ የተደረጉ ሙከራዎች የሚያሳዩት ከግምቱ የተለየ ነው። ድርብ ዜሮ በክሾትም ሆነ የተለመደው የሽጉጥ ጥይት በርካታ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎችን ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ስለግማ ከሁሉም ይብሳል። ለፖሊስ የሚሠራው ቀላልና ፈጣን 5.56 ጥይት ግን ግድግዳውን ሲመታ ብዙውን ጊዜ ስለሚሰባበር ወይም ስለሚገለባበጥ ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ይህ ግን በጥይቱ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመኪና መስታወት እንዲያልፍ ተጠናክሮ የተሠራው ጥይት ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስለ ጠመንጃው ብቻ ሳይሆን መምሪያው የገዛው ጥይት በትክክል የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ሜዳ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ዒላማውን የሳተ የ5.56 ጥይት ብዙ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ሲችል፣ ክብ የሆነው የበክሾት ፍሬ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ለዚህ ሲባል አንዳንድ የገጠር ሸሪፎች ሾትገንን ባይጥሉ አይፈረድባቸውም። ጥይት መከላከያ የለበሰን ሰው በተመለከተ ግን ክርክር የለም፤ ሽጉጥን ለመከላከል የተሠራው ለስላሳ ሰደሪያ በክሾትን በአብዛኛው ያስቆማል፣ የካርባይን ጥይት ግን ያልፈዋል።

መሣሪያውን የሚይዘው ሰው

የሾትገን ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከካርባይኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ለግዙፍ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ዛሬ ፖሊስ የሚሆኑት አጫጭር ሴቶችም ቀጫጭን ወንዶችም ናቸው፣ ብዙዎቹም ከሥልጠና ተቋም በፊት መሣሪያ ነክተው አያውቁም። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻው ይሸሻል፣ በሁለተኛው ጥይት ላይ ፓምፑን ሙሉ በሙሉ ሳይስብ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው፣ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ወይም አዲሱ ሳይነሣ መሣሪያው እንዲነክስ የሚያደርገው ስሕተት፣ በተኩስ ሜዳ ላይ የፓምፕ ሾትገን ዋነኛ በሽታ ነው። መሣሪያው በራሱ እጅግ አስተማማኝ ነው ሲባል የሚሰማው እውነት ቢሆንም፣ አስተማማኝነቱ በሰው ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሾትገን ለማቆየት የሚወስን መምሪያ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማስተካከል ይችላል። የመጀመሪያው ለፖሊስ የተሠራውን ምቱ የተቀነሰ በክሾት ብቻ መግዛት ነው፤ በፖሊስ ርቀት ከሙሉው ጥይት የሚያንስበት ቁም ነገር የለም። ሁለተኛው ሰደፉን ማሳጠር ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ሰደፍ ለአዳኝ ታስቦ የተለካ ስለሆነ፣ ጥይት መከላከያ ለለበሰ አጭር ሰው እጅግ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ብቻ ፈተና የወደቁ አባላት ሰደፍ ሲቀየርላቸው ማለፋቸው በአሠልጣኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሥልጠናው ነው፤ እሱ ላይ መደራደር አይገባም። በዓመት አንድ ቀን ጥቂት ጥይት ተኩሶ ማለፍ ፈተና ነው፣ ልምምድ አይደለም። አባሉ እየተንቀሳቀሰ መሙላት፣ የነከሰን ማስተካከል፣ ከመኪና ማውጣትና በሰላም ማራገፍ በዓመት ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ካልደገመ፣ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ለመምሪያው ዕዳ ነው። ለዚህ የሚሆን ሰዓትና ጥይት በበጀቱ ላይ ካልታየ ሾትገኑ ከዚያ አባል መኪና ውስጥ ይውጣ።

የፓምፑ ድምፅ ብቻውን ወንጀለኛን ያስደነግጣል የሚለውን አባባል በዕቅድ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ዋጋን በተመለከተ ሾትገን ከካርባይን በግልጽ ይረክሳል፤ ማነጣጠሪያ መነጽሩና ካዝናዎቹ ሲታከሉ ልዩነቱ ይሰፋል። ይሁንና የሥራ ጥይቱ ከካርባይን መለማመጃ ጥይት ስለሚወደድ፣ ሥልጠናውን በአግባቡ ለሚሰጥ መምሪያ ቁጠባው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ሾትገን ርካሽ የሚሆነው ለማይለማመድበት ብቻ ነው።

ገዳይ ያልሆነው ሾትገን ለብቻው ይታይ

ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ሾትገን በብዛት የሚተኮሰው ገዳይ ጥይት ጎርሶ ላይሆን ይችላል። ቢንባግ የሚባለው፣ 40 ግራም ገደማ ደቃቅ እርሳስ የታጨቀበት የጨርቅ ከረጢት፣ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ሜትር እየተወረወረ፣ ቢላ ይዞ ራሱን ወይም ሌላውን የሚያስፈራራን ሰው ሳይገድሉ ለማስቆም ይውላል። ይህ ከሾትገን ቀሪ ሥራዎች ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ ብዙ የአእምሮ ሕመም ጥሪዎች ከሞት ይልቅ በሰንበር የሚያልቁትም በእሱ ነው። ሆኖም ቢንባግ ጭንቅላትን፣ አንገትንና ደረትን ሲመታ ሊገድል ወይም አካለ ጎደሎ ሊያደርግ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን በተካሄደው የተቃውሞ ሰልፍ ወጣቶች ጭንቅላታቸውን ተመትተው ክፉኛ ከተጎዱ በኋላ፣ የከተማው ፖሊስ ቢንባግን በሰልፍ ላይ መጠቀም አቁሟል። የካሊፎርኒያ ሕግም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ተወርዋሪዎች ሰልፍ ለመበተን ብቻ መጠቀምን ከልክሏል።

ከዚህ የሚከፋው አደጋ የጥይት መደባለቅ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በኦሬገን ፖርትላንድ አንድ የፖሊስ አባል ቢንባግ የጫነ መስሎት ገዳይ ጥይት በመጫኑ አንድ ሰው ክፉኛ ቆስሏል፤ ከተማውም 2.3 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፍሏል። ከዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚጠብቀው አሠራር ከባድ አይደለም፣ መጽናትን ግን ይጠይቃል። ቢንባግ የሚተኩሰው ሾትገን ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ የሆነ ሰደፍና መያዣ ይገጠምለታል፤ ከዚያ በኋላ በዕድሜው ሁሉ ገዳይ ጥይት አይነካውም። በዚያው መኪና ውስጥ ገዳይ የሾትገን ጥይት በኪስም፣ በቦርሳም፣ በሰደፍ ማሰሪያም አይያዝም። ጥይቱን የሚጭነው አባል እያንዳንዱን ቀለህ በዓይኑ አይቶ፣ ሁለተኛ አባል ባለበት ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተናገረ ይጭናል። እኔ ከዚህ አልፌ እሄዳለሁ፦ ፓትሮሉ ቢንባግ የሚይዝ ከሆነ፣ በዚያ መምሪያ ፓትሮል ውስጥ ገዳይ ሾትገን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል፤ የሌለ ጥይት አይደባለቅምና። ባለ 40 ሚሊ ሜትር ማስወንጨፊያ መግዛት የሚችል መምሪያ ደግሞ የጥይቱ መጠን ራሱ መደባለቅን ስለሚከለክል ወደዚያ ቢሸጋገር ይመረጣል።

የቀሩት ሥራዎች ብዙ ሐተታ አይፈልጉም። ልዩ ኃይሎች የበር ማጠፊያና ቁልፍ ለመስበር በሚፈረካከስ የብረት ዱቄት የተሠራ ጥይት ከአጭር ሾትገን ይተኩሳሉ፤ አብዛኛው ፖሊስ መሣሪያ በማይታጠቅባት በብሪታንያም የታጠቁት ክፍሎች ዋና መሣሪያ ካርባይን ሆኖ ሾትገን ለበርና ለመኪና ጎማ ተቀምጧል። በአላስካና በመሰሉት ግዛቶች ድብ ወይም በመኪና የተገጨ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ሲያጋጥም ከስለግ የተሻለ የለም። ለእነዚህ ሥራዎች በፈረቃ አንድ ወይም ሁለት ሾትገን በተቆጣጣሪው መኪና ውስጥ ይበቃል፤ ለሁሉም ማደል አያስፈልግም።

በሕዝብ ውይይት ላይ ምን መጠየቅ ይገባል

በካሊፎርኒያ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኤቢ 481 ተብሎ የሚታወቀው ሕግ፣ የፖሊስ መምሪያዎች «ወታደራዊ መሣሪያ» ተብለው ለተዘረዘሩ ዕቃዎች የአጠቃቀም ፖሊሲ ጽፈው በአደባባይ ስብሰባ ከምክር ቤት ፈቃድ እንዲያገኙ፣ በየዓመቱም ሪፖርት አቅርበው ነዋሪዎች የሚጠይቁበት መድረክ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ዝርዝሩን የሚያነብ ነዋሪ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ቢንባግና ባለ 40 ሚሊ ሜትር ማስወንጨፊያ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገቡ፣ መደበኛው ገዳይ ሾትገንና ጥይቱ ግን በስም ተለይተው ከዝርዝሩ ተወግደዋል። ካርባይንም ቢሆን መምሪያው መደበኛ የአገልግሎት መሣሪያ ነው ብሎ ከመደበው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ አለመኖሩ በመኪናው ውስጥ አለመኖሩን አያሳይም፤ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሲጠየቅም «ሾትገን አላችሁ ወይ» ማለት የሚያስገኘው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ስንት ገዳይና ስንት ቢንባግ ሾትገን እንዳለ፣ ሁለቱ በአንድ መኪና ይያዙ እንደ ሆነ፣ የበክሾት የርቀት ወሰኑ ስንት ሜትር ተብሎ እንደ ተጻፈና በምን ሙከራ እንደ ተወሰነ፣ አንድ አባል ባለፈው ዓመት በሾትገንና በካርባይን በየራሳቸው ስንት ሰዓት እንደ ሠለጠነ፣ በሾትገን ፈተና የወደቀ አባል ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ግን ሰነድ የሚያስፈልገው መልስ ያስገኛል። መልሱ በቦታው ካልተገኘ በጽሑፍ እንዲላክ ማስመዝገብ ይቻላል። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ቁጥር ይዞ የሚመልስ መምሪያ ሾትገኑን ቢያቆይ ብዙ አያሰጋም፤ «ሁልጊዜም ነበረን» ከሚል መምሪያ ግን ሾትገኖቹ እንዲሰበሰቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚሰበሰቡት መሣሪያዎች ወዴት እንደሚሄዱም በዚያው ስብሰባ ይወሰን። ብዙ መምሪያዎች አሮጌ መሣሪያቸውን ለነጋዴ አስረክበው ዋጋውን ከአዲሱ ግዢ ያስቀንሳሉ፤ ነጋዴውም መልሶ ለሕዝብ ይሸጠዋል። የከተማው ምክር ቤት ይህን የማይፈልግ ከሆነ መሣሪያዎቹ እንዲወድሙ በግዢው ውል ላይ አስቀድሞ ማስጻፍና የዋጋውን ልዩነት በበጀት መያዝ አለበት። ከመከላከያ ሚኒስቴር በ1033 ፕሮግራም የተገኙ ትርፍ ጠመንጃዎች ግን ባለቤትነታቸው ከሚኒስቴሩ ስለማይወጣ መምሪያው ሊሸጣቸውም ሊያስወግዳቸውም አይችልም፤ ሲበቃው በመለያ ቁጥራቸው ቆጥሮ ይመልሳቸዋል።